አብሮ አደጌ ስሜን የጠየቀኝ ቅዳሜ

የሌላውን ሰው ባላውቅም የእኔ ቅናት የጀመረው ከእግር ነው። አብሮ አደጌ ከፖሊስ ማሠልጠኛ ተመልሶ በደብረ ታቦር ከብት ገበያ በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አይደለም፤ ጫማውን ነው። ጥቁር፣ ረጅም፣ ማሰሪያው ከቁርጭምጭሚት በላይ ድረስ የተጠላለፈ። እኔ ከገመድና ከጅራፍ ጎን ኮንጎ ጫማም ስለምሸጥ የሰው እግር ማየት ልማዴ ነው። የዚያን ጫማ ዋጋ በሆዴ ገመትሁ። ቀጥሎ ትዝ አለኝ፤ እሱ እኮ አልገዛውም፤ ተሰጥቶት ነው። አንጀቴ እርር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለታችንም ያደግነው መናኸሪያ ውስጥ ማስቲካና ሶፍት እያዞርን ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጣሁ፤ እሱ ግን የማታ ትምህርቱን ሙጭጭ አለበት። በኋላ አንድ ላይ የገመድ መደብ ስንይዝ፣ ደብተሩን አንሥቶ ሲሄድ ዕቃውን ሰብስቤ የምዘጋው እኔ ነበርሁ። ዝናብ ሲመጣ ሸራውን የምዘረጋውም እኔ። እሱ የተማረው በእኔ ሰዓት ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ቢያንስ እኔ ማጋነን አይመስለኝም።

ፖሊስ ይመዘገባል የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈ ጊዜ አብረን ሄድን። ቁመታችን አንድ ነው፤ ሩጫ እኔ እበልጠዋለሁ። መዝጋቢው የትምህርት ማስረጃ ጠየቀኝና የስድስተኛ ክፍል ካርዴን ሰጠሁት።

«የቀረውስ?» አለኝ።

«የቀረውን መንገድ ላይ ነው የተማርሁት።»

ሰልፉ ሳቀ። መዝጋቢው ግን አልሳቀም። ካርዴን መለሰልኝና፣ «መንገድ ማኅተም የለውም ወንድሜ፤ ለሚቀጥለው ቦታ ልቀቅ» አለኝ።

ከኋላዬ የነበረው አብሮ አደጌ ትከሻዬን ያዝ አደረገና «ጠብቀኝ፣ መጣሁ» አለ። ጠበቅሁት። በዚያ ጫማ እስኪመጣ ድረስ ጠበቅሁት።

ሲመጣ ደግሞ ገና ሙሉ ፖሊስ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን መደቤ ድረስ መጥቶ፣ የድሮ ሳጥናችን ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

«የክፍሉን ትምህርት ጨርሻለሁ። አሁን የቀረኝ የተግባር ልምምድ ነው። ገበያው ላይ እሠራለሁ፤ ሳጅኑ እያየ ይመዝነኛል። ይኸ መዝገብ ገጹ ሁሉ ካልሞላና ካልተፈረመ ለብቃት ምዘናው አልቀርብም። ምዘናውን ካላለፍሁ ደግሞ ኮንስታብልነት የለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ፤ ተመልሶ ካንተ ጋር ገመድ መሸጥ ነዋ!» አለና ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። «ካንተ ጋር ገመድ መሸጥ» የምትለዋ ቃል ግን ሳምንቱን ሙሉ ገመድ በለካሁ ቁጥር ትመጣብኝ ነበር። የእሱ መውደቂያ ጉድጓድ የእኔ መኖሪያ ቤት ነው ማለት ነው።

መዝገቡ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ነበር። በየገጹ አንድ ሥራ ተጽፎበታል፤ አቤቱታ መቀበል፣ የጠፋ ልጅ ማገናኘት፣ የተጣሉ ሰዎችን ማለያየት፣ ቃል መቀበል፣ ሌላም ሌላም። ሳጅኑ ጡረታው የቀረበ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰውዬ ነው። ሻይ ከምታፈላው ሴትዮ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ያያል። ከዚያ ብዕር አውጥቶ ይፈርማል ወይም አይፈርምም።

የእኔ ነገር እንዲገባችሁ የገበያችንን ወግ ልንገራችሁ። በእኛ ከብት ገበያ ከማያውቁት ሰው በሬ ያለ ዋስ አይገዛም። ሻጩ ገበያው የሚያውቀውን ሰው ይጠራል። ያም ሰው «ከብቱ የራሱ ነው፤ ጥያቄ ቢመጣ እኔን ያዙ» ብሎ እጅ ይመታል። ወረቀት የለም። መደቤ በሩ ላይ ስለሆነ ገቢና ወጪው ሁሉ በእኔ ፊት ያልፋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዋስ የምሆነው እኔ ነበርሁ። የተጣላም ሰው ቀድሞ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። መዝጋቢው ያላየው ማኅተሜ ይኸ ነበር።

ያ ጫማ ከመጣ ወዲህ ግን ሰዉ መደቤን እያለፈ ወደ እሱ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በአንድ ዶሮ ተጣሉ። ልነሣ ስል እሱ ደርሷል። አንደኛዋን ቃሏን አስጨረሳት፣ ሌላዋንም አስጨረሳት፣ ጻፈ፣ አነበበላቸው። እኔ ዶሮዋን ብቻ አይቼ በሁለት ቃል የምገላግለውን ነገር እሱ ዶሮዋ እስክታንቀላፋ ድረስ አቆየው። የሚገርመው ግን ሁለቱም ተመራርቀው ሄዱ። በእኔ ዳኝነት ሁሌም አንዱ ወገን እየሰደበኝ ነበር የሚሄደው።

ሻይ የምታፈላው ሴትዮ እንኳ ከዳችኝ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ስንት ዘመን የእኔ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ቀድሜ አዝዤ» አልኋት አንድ ጧት፣ ብርጭቆው በፊቴ ወደ እሱ ሲያልፍ።

«ጠብቅ ልጄ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይቅደም።»

«እኔስ ምን ላይ ነኝ?»

«ገመድ ላይ።»

ሳጅኑ በመፋቂያው መሀል ፈገግ ሲል አየሁት። አብሮ አደጌም ሳቀ፤ ብርጭቆውንም ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ይኸ ደግነቱ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር። ሰው የሚቀናበት ሰው ክፉ ቢሆንለት ምንኛ እፎይ ባለ።

እንዲህ ከርሜ ነው ያ ቅዳሜ የመጣው።

ከሐሙሲት በኩል የመጣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ቦራ በሬ ይዞ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ሻኛው የቆመ፣ ግሩም በሬ። አንድ ሽማግሌ ገዢ ጥርሱን አዩት፣ ጅራቱን ያዙት፣ ወደዱት። ዋጋ ተስማሙና «ዋስህን ጥራ» አሉ። ሰውየው ዙሪያውን ቢያይ የሚያውቀው ሰው የለም። ሽማግሌው ወደ አብሮ አደጌ እያዩ፣ «እንግዲያስ ይኸን ፖሊስ እንጠይቀው ይሆን? ልጁ ነገር ያውቃል ይላሉ» አሉ።

ነገር ያውቃል! ያቺ ቃል ከመደቤ አስፈንጥራ አወጣችኝ።

«ትናንት የመጣ ሰው ምን ያውቃል አባቴ? ዋሱ እኔ አለሁ!»

«ታውቀዋለህ?»

«ከነአባቱ!»

አባቱ ይቅርና የእሱንም ስም አላውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ ገመድ ስለገዛኝ መልኩን አስታውሳለሁ፤ ያ ብቻ ነው። ግን አብሮ አደጌ አጠገባችን ቆሞ እየሰማ ነው፣ ሳጅኑም እያየ ነው፣ እጄም ከልቤ ቀድማ ተዘርግታለች። መታሁ። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ጨው ሊሸምት ወደ ውስጥ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ከታችኛው በር ጩኸት ተሰማ።

«በሕግ አምላክ! ያዙልኝ! ያ በሬ የኔ ነው! በሕግ አምላክ!»

በእኛ አገር ይኸ ቃል ሲጠራ የሚሄድ ይቆማል፤ የተነሣ ዱላም ይወርዳል። ገበያው ቀጥ አለ። እኔም ገመድ እየለካሁ ነበር፤ ክንዴ እንደተዘረጋ ቀረ። ጠሪው ከእርሻ ሮጦ የመጣ የሚመስል፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ ሰውዬ ነው። በሬውን ሲያይ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ሽማግሌው ገዢ በሬውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዋሴ!» አሉና የጃኬቴን ጫፍ ጨበጡ። እጃቸው እርፍ የያዘች እጅ ናት፤ እንደ ጉጠት ነከሰችኝ።

አብሮ አደጌ ደብተሩን ይዞ መጣ። ሳጅኑም ከአግዳሚው ተነሣ። ሲነሣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የቀረው ገጽ የመጨረሻው እንደሆነ ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ የተጠርጣሪና የምስክር ቃል መቀበል። የልምምዱ ጊዜም ሊያልቅ ነበር።

አብሮ አደጌ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ስም?»

ሳቅሁ። የቀለደ መስሎኝ ነበር።

«ስምህን ነው የጠየቅሁህ።»

«ረሳኸው እንዴ?»

«ከነአባት፣ ከነአያት።»

«አያቴንማ እኔና አንተ አይደለን እንዴ ቃሬዛቸውን የተሸከምነው!»

 አንገቱን ደፋ አደረገና፣ «ለመዝገቡ ነው» አለ በቀስታ። ነገርሁት፤ ጻፈው። የአያቴን ስም ገና ሳልጨርስለት ጽፎት ነበር።

«ቃልህን የምትሰጠው በፈቃድህ ነው። አልናገርም ማለትም መብትህ ነው። ሻጩን ታውቀዋለህ?»

ወደ ጆሮው ጠጋ አልሁ። ሽማግሌውም ጃኬቴን ይዘው አብረውኝ ጠጋ አሉ። «ያውቀዋል ብለህ ጻፍልኝ፤ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን» አልሁት። ይህን ለማለት የሸራ መዘርጋቱ ሁሉ መብት የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«የምጽፈው አንተ የምትለውን ነው። ጮክ በል።»

«እ?»

«ሰው እንዲሰማው ጮክ ብለህ ተናገር። ታውቀዋለህ?»

«በመልኩ» አልሁ። «ገመድ ገዝቶኛል። ሁለት ጊዜ።»

«ስሙስ?»

«አላውቅም።»

«ከነአባቱ አላልኸኝም እንዴ!» ብለው ሽማግሌው ጃኬቴን ነቀነቁት። ያን ጊዜ ገበያው ፈነዳ። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ሳቀች። ዋስነቴ እዚያው ሳቅ መሀል ተቀበረ፤ ቃሬዛ ተሸካሚም አላስፈለገው።

ወዲያው ሻጩ ጨውና አዲስ ጀሪካኑን ይዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ መጣ። ሰዉ ሊረባረብበት ሲል አብሮ አደጌ መሀል ገባ። ሻጩን በባሕር ዛፉ አጥር ጥግ፣ ጠሪውን በመደቤ በኩል አራርቆ አቆመና እየተመላለሰ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቃቸው። እኔ ብሆን በሁለቱም ላይ ጮኼ፣ በሬውን መንታ መንገድ ላይ ለቅቄ «ይኸው ወደ ቤቱ ይሂድ» እል ነበር። በሬውም ወደ ሻጩ ቤት በሄደ፣ እኔም በተሳሳትሁ።

እሱ ግን «በሬው የማን ነው?» ብሎ አልጀመረም። «በሬው ዘንድሮ የት ነው ያደረ? ከማን በሬ ጋር ተጠምዶ አረሰ?» አለ። ሁለቱም አንድ መልስ ሰጡ፤ የሚያድረው ሻጩ ደጅ ነው፣ የሚጠመደውም ባለቤት ነኝ ባዩ ቤት ካለው ዳለቻ በሬ ጋር።

መቀናጆ ነበሩ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች፣ በሬዎቻቸውን አጣምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን የሚያርሱ ማለት ነው። ቦራው ዱሮ የከሳሹ፣ ዳለቻው የሻጩ ነበር። ካቻምና በጋ ቦራው ከሳና፣ ሻጩ ድርቆሽ ስለነበረው ወስዶ ቀለበው። በምትኩ ዳለቻውን ሰጠ። በሬው ሲወፍር ማንም «መልስ» አላለም፤ ማንም «ቀረ» አላለም። ክረምት አለፈ፣ ሌላ ክረምት አለፈ። አንደኛው ለዋጭ ነኝ ብሎ አሰበ፣ ሌላኛው አደራ ሰጪ ነኝ ብሎ አሰበ። ምስክር የለም። መቀናጆ ምስክር አይጠራም፤ እንደ መናቅ ይቆጠራላ። ለማናውቀው ሰው ዋስ የምንጠይቅ ሰዎች ለቅርባችን አንድ ቃል አስረግጠን አንናገርም። ይህን የምለው አሁን ነው፤ ያን ጊዜ ጃኬቴን ነበር የማስበው።

«ዳለቻው አሁን የት አለ?» አለ አብሮ አደጌ ከሳሹን።

«ደጄ ታስሯል።»

«ታዲያ የሰውየውን በሬ ደጅዎ አስረው ነው ሌባ የሚሏቸው?»

ከሳሹ የተሰበሰበ ሱሪውን ወደ ታች መዘርጋት ጀመረ። 

ስርቆት እንዳልሆነ፣ የስምምነት ጉዳይ እንደሆነ ነገራቸው። ሽያጩ ፈረሰ፤ ሽማግሌውም ገንዘባቸውን መልሰው ተቀበሉ። በቀበሌያቸው ሽማግሌዎች ፊት እንዲጨርሱ ጽፎ ሰጣቸው። ሁለቱ መቀናጆዎች ቦራውን መሀል አድርገው፣ አንዱ ጨውን አንዱ ጀሪካኑን ይዘው እየተጨቃጨቁ ሄዱ። ሽማግሌው ጃኬቴን ለቀቁ። ጫፉ እስከ ዛሬ ተለጥጦ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ሳጅኑ መዝገቡን ከፍቶ ወደ እኔ መጣ።

«መጨረሻው ላይ ቃሉን የሰጠ ባለጉዳይ አስተያየት ይጽፋል። እኒያ ሄደዋል። አንተ ጻፍ።»

«እኔ አብሮ አደጉ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ። ስለ እሱ የምታውቀውን ሳይሆን ዛሬ ያየኸውን ጻፍ። ክፉም ቢሆን ጻፍ፤ ክፉ ከሆነ ለሌላ ዙር ይቆያል።»

ብዕሩን ሰጠኝ። አብሮ አደጌ ራቅ ብሎ ጫማውን እያየ ቆሟል። በዓይኑ እንኳ ቢለምነኝ ምናልባት እራራ ነበር። አልለመነኝም። ያ ሁሉ ጫማ፣ ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ የመጀመሪያ ብርጭቆ በእኔ እጅ ገባ። ሳጥኔ ላይ ተቀመጥሁና ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ በማዳበሪያ ጆንያና በባጃጅ ጥቅስ ብቻ ባቆየሁት ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን የበላን ሰዎች ስንሆን እንደማያውቀኝ ሰው ስሜን ከነአያቴ ጠየቀኝ። ለእኔ እንዲመች አድርገህ ጻፍ ብዬ በጆሮው ብለምነው እምቢ አለኝ፤ ይባስ ብሎ ጮክ በል አለኝ። እኔንም፣ አይቶት የማያውቀውን ገበሬም በአንድ ዓይን አየን። ሻይ እንኳ አላለኝም። የሠራሁለትን ውለታ ከምንም አልቆጠረም። ለወዳጅ የማይሆን ሰው ነው።»

«ለወዳጅ የማይሆን» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። የሚያም ጥርስ የተነቀለልኝ ያህል ቀለለኝ። አሁን ወደ ገመዱ ይመለሳል፣ ሳጥኑ ላይ ቦታ አለው፣ ገመድም አላለቀ።

ሳጅኑ ቀስ ብሎ አነበበ። መልሶ አነበበ። ከዚያ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

«እዚህ ሥራ ላይ አርጅቻለሁ» አለ፤ «እንዲህ ያለ ምስክርነት ለእኔ ጽፎልኝ የሚያውቅ የለም።»

ፈረመ። ከእጄ በወሰደው በዚያው ብዕር። የጻፍሁትን ልመልስ ብል ወረቀቱ ሄዷል፤ «በክፋት ነው የጻፍሁት» ልበል? የትኛው ነጋዴ ነው ገበያ መሀል ቆሞ እንዲህ የሚል!

ሰኞ ጧት አብሮ አደጌ ገጹን ይዞ መደቤ መጣ። ክብ ሰማያዊ ማኅተም፣ ልክ ባሰመርሁበት ቃል ላይ። በሕይወቴ የጻፍሁት ነገር ማኅተም ሲያርፍበት ያ የመጀመሪያው ነው፤ እሱንም ያገኘሁት በእሱ መዝገብ ውስጥ ነው። አቅፎኝ ሊለቀኝ አልቻለም።

«አውቀህ ነው አይደል? ጥሩ ነው ብትል አብሮ አደግ ነው ብለው ይጥሉት ነበር። አንተ ግን በስድብ አሳለፍኸኝ! አንተ እኮ መንገድ አስተምሮሃል!»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንዲህ የሚያመሰግን ሰው ፊት እውነት መናገር ጭካኔ ነው አልሁ ለራሴ። ደግሞም ነጋዴ ሳያስበው የመጣለትን ትርፍ አይመልስም።

«ታዲያ ምን መስሎህ ነበር?» አልሁት።

ይኸው እውነቱን እዚህ አስቀመጥሁት። እንዲወድቅ ነበር የጻፍሁት።

ምዘናውን አለፈ፤ ወደ ጋይንት ተመደበ። የገበያው ሰው አሁንም ወሬውን ሲያወራ «ያ ገመድ ሻጭ ብልጥ ነው፤ ጓደኛውን በዘዴ አሳለፈው» ይላል። ዋስነቱም ተመለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ዋስ ከመሆኔ በፊት ስም ከነአያት እጠይቃለሁ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

የሄደ ዕለት ማስቲካ ባዞርንበት መናኸሪያ ሸኘነው። ሻንጣውን ሚኒባሱ ላይ ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ ከመደቤ ባመጣሁት ገመድ፣ በጥሩው። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ጫማው ንጹሕ መሆኑን አይታ ግንባሩን ሳመችውና መረቀችው።

«ሂድ ልጄ። ምቀኛ አያሳጣህ።»

ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ከሁሉ ጮክ ብዬ ያልሁት እኔ ነበርሁ።